«ቁርጠት ነው፣ ያልፋል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች በስልኬ ደረሰኝ። የጨቅላ ሕፃናትን ቁርጠት ቤት ውስጥ ስለማከም ነው። ከላኩልኝ አንዷ ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። «አንብቢውና ንገሪኝ፣ ልሞክረው?» ብላ ጽፋልኛለች። መልእክቷ የተላከው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ይህን ምላሽ የምጽፈው ለእሷ ብዬ ነው። እንደ እሷ በዚያ ሰዓት ልጅ ታቅፈው ክፍል ውስጥ ለሚዞሩትም ሁሉ። የጽሑፉ ባለቤት በቅን ልብ እንደጻፉት ይገባኛል። ከእናታቸው የሰሙትን ነው ያካፈሉት። እኔም ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። የመጀመሪያዋ ልጄ ሦስት ወር ሙሉ ስታለቅስ እሳቸው የመከሩትን ሁሉ ተመክሬያለሁ፤ ከፊሉንም አድርጌዋለሁ።

ጽሑፉ ባጭሩ አምስት ነገር ይላል። ልጅ አምርሮ የሚያለቅሰው ሆዱን ስለሚቆርጠው ነው። ሆዱን የሚቆርጠው እናቱ በበላችው ነው። መድኃኒቱ የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳም ወይም ከፋርማሲ የሚገዛ ግራይፕ ዋተር ነው። ባለቀሰ ቁጥር ካነሱት እጅ ይለምዳል። በመጨረሻም ቁርጠትን ሐኪም ስለማያውቀው ታግሦ ማሳለፍ ነው። አምስተኛው ላይ ግማሽ እውነት አለ። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ግማሽ እውነት ነው።

ከስሙ ልጀምር። «ቁርጠት» ስንል ገና ልጁን ሳናየው ሆዱ ላይ ፈርደናል። ጸሐፊዋ በማስረጃነት ያቀረቡት ልጁ ሲያለቅስ እግሩን ወደ ሆዱ መሰብሰቡን፣ ፊቱ መቅላቱንና አየር መልቀቁን ነው። ግን ማንኛውም ጨቅላ ክፉኛ ሲያለቅስ እንዲህ ይሆናል። ክትባት ሲወጋም እግሩን ይሰበስባል። ሆዱ መነፋቱም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ እያለቀሰ አየር ስለሚውጥ የሚመጣ ነው።

ሐኪሞች ኮሊክ የሚሉት ሌላ ነገር ነው። ሞሪስ ዌሰል የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1954 ዓ.ም. አንድ መለኪያ አወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጤነኛና በደንብ የሚጠባ ልጅ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ካለቀሰ ኮሊክ አለበት አለ። ዛሬ ሐኪሞች ሰዓቱን ያን ያህል አይቆጥሩም። ዋናው ነገር ልጁ በሌላ በኩል ጤነኛ መሆኑ ነው። ከአምስት ሕፃናት አንዱ ገደማ ይህን ያልፍበታል። ጡት የሚጠባውም ጡጦ የሚጠባውም እኩል ያለቅሳል። ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ የደረሰበት ሰው እስካሁን የለም።

በደንብ የሚታወቀው ጊዜው ነው። ቤሪ ብሬዝልተን የተባለ ሌላ ሐኪም በ1962 እናቶች የመዘገቡትን የለቅሶ ሰዓት ሰብስቦ አሳተመ። ልጆቹ ጤነኞች ናቸው። ለቅሶው ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ጣራ ነካ። በቀን ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ከዚያ ወረደ። የሚበዛውም ማታ ማታ ነበር።

እስቲ ይህን ከእኛ ቤት ጋር እናስተያየው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ልጁን የሚያየው ለቅሶው በጣም በበረታበት ሳምንት ነው ማለት ነው። ምክሩ የሚጎርፈውም ያኔ ነው። «የሰው ዓይን ነው»፣ «ሆዱ ነው»፣ «ወተትሽ ቀጥኗል»። ከዚያ በኋላ ለቅሶው በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ደግሞ ብዙው አልፏል። ያን ሰሞን ለልጁ የተሰጠው ሁሉ፣ አብሹም ቅቤውም ጤና አዳሙም፣ «አዳነው» ይባላል። እናቶቻችን አልዋሹንም። ያዩትን ነው የነገሩን። ልጁ በእርግጥ ዝም ብሏል። ዝም ያለው ግን ሦስት ወር ስለሞላው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የእናቲቱ ምግብ ነው። ጽሑፉ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ በርበሬ፣ ቀዝቃዛ ነገር ይከለክላል። እኔ ይህን ሁሉ ተከልክዬ ነበር። ልታርሰኝ የመጣችው አክስቴ በአምስተኛው ሳምንት ገንፎና አጥሚት ብቻ አስቀረችልኝ። ልጄ ግን ያው ነበረች። በሽሮና በምስር ሆዳችን የሚነፋው አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ነው። ያ አየር በወተት በኩል ልጁ ሆድ ውስጥ አይገባም። ጡት የምታጠባ ሴት ከወትሮው በላይ መብላት አለባት። እኛ ደግሞ ሳህኗን እናጎድላለን።

ቡና ሲበዛ ወደ ወተት እንደሚያልፍ እውነት ነው፤ መቀነስ አይከፋም። ከዚህ ውጪ በቁም ነገር የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ የላም ወተት። ጥቂት ሕፃናት የላም ወተት ፕሮቲን አይስማማቸውም። እናቱ የጠጣችው በጡቷ አልፎ ይደርሳቸዋል። እነዚህ ግን ከለቅሶው ሌላ ምልክት ያሳያሉ። ሰገራቸው ውስጥ ደም ይታያል፣ አዘውትረው ያስመልሳሉ፣ ቆዳቸው ይቆጣል፣ ኪሏቸው አይጨምርም። እንዲህ ከሆነ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ እናቲቱ ለሁለት ሳምንት ያህል ወተትና የወተት ተዋጽኦ ትታ ማየት ይቻላል። ጎረቤት ስላለች ብቻ ግን አይደረግም።

ሦስተኛው ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ። ልጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ጽሑፉ «የአብሽ ውሃ በማንኪያ ጠዋትና ማታ» ይላል። የሦስት ሳምንት ልጅ ጨጓራ እንቁላል ብታክል ነው። በአብሽ ውሃ ስትሞላ ለወተት የሚተርፍ ቦታ የለም። ልጁ ዝም ሊል ይችላል፤ ሆዱ ሞልቷላ። ግን የተሞላው በውሃ ነው። የጡት ወተት ራሱ 87 በመቶ ገደማ ውሃ ስለሆነ በሙቀት ወራትም ሌላ አያስፈልገውም። በዚያ ላይ የጨቅላ ኩላሊት ገና ነው። ውሃ ሲበዛበት በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና እስከ ማንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። ውሃው ወይም ማንኪያው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም የእኛም ጤና ሚኒስቴር እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ የሚሉት ለዚህ ነው። በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። ከቀሩት ስንቶቹ «ለሆዱ» ተብሎ በተሰጠ ማንኪያ ይሆን የጀመሩት ብዬ አስባለሁ።

ጤና አዳምን እኔም በቡና እወደዋለሁ። ለአዋቂ ስኒ ላይ የምትጣል አንዲት ቅጠልና አራት ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ተቀጥቅጦ የሚሰጥ ጭማቂ ግን ለየቅል ናቸው። ሲበዛ የሚመርዝ ተክል ነው። ለጨቅላ ይህን ያህል ይበቃዋል ብሎ መጥኖ የሰጠን የለም። ማር ከአንድ ዓመት በፊት በፍጹም አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባለውን፣ ጡንቻን የሚያዝል በሽታ የሚያመጣ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል። የሚዋጥ ቅቤ ደግሞ ትን ብሎት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አንዳንድ ቦታ ከዚህም አልፎ ለቅሶ ለማስታገስ እንጥል ይቆረጣል፣ ግግ ይነቀላል። ጸሐፊዋ ይህን አልመከሩም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ቢሆንም በግልጽ መባል ስላለበት እላለሁ፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሕፃናትን የሚገድሉበት መንገድ ነው።

ግራይፕ ዋተሩን እኔም ገዝቻለሁ። ለልጄ ስሰጣት ለአምስት ደቂቃ ዝም ስትል ጮቤ ረግጬ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ ጣፋጭ ነገር ጨቅላን ለአፍታ ያረጋጋል። ይህን ፈሳሽ መጀመሪያ የቀመመው ዊልያም ዉድዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ በ1851። የእንስላል ዘይት፣ ሶዳ፣ ስኳር፣ ውሃ እና አልኮል ነበረበት። ስንት ትውልድ ሕፃን ዝም ያለው በምን እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። አልኮሉ በኋላ ወጥቷል። ለቅሶውን እንደሚያቆም ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም።

ፋርማሲ ስለገባን ሁለት ነገር ልጨምር። ሲሜቲኮን የሚባለው የአየር ጠብታ መድኃኒት ከሌለበት ፈሳሽ ጋር ተወዳድሮ አልበለጠም፤ ጉዳቱም ያን ያህል አይደለም። ዳይሳይክሎሚን የሚባል የቁርጠት ማስታገሻ ያለበትን ሽሮፕ ግን ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ አትስጡ። ትንፋሽ ያቋረጠባቸው ሕፃናት አሉ። ለሌላ ልጅ ታዞ ከቁም ሳጥን የተረፈ ጠርሙስ ካላችሁ ስሙን አንብቡ።

አራተኛው ነጥብ «እጅ ይለምዳል» የሚለው ነው። የስድስት ሳምንት ልጅ እናቱን በለቅሶ ማታለል የሚችል አእምሮ የለውም። በ1986 ሁዚከርና ባር የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ አንድ ነገር ሞከሩ። ጤነኛ ሕፃናትን ለሁለት ከፍለው የአንደኛው ቡድን ወላጆች ልጃቸውን ባያለቅስም በየቀኑ ለተጨማሪ ሰዓታት እንዲይዙት አደረጉ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ እነዚያ ልጆች ከሌሎቹ 43 በመቶ ያነሰ አለቀሱ። አያቶቻችን በአንቀልባ አዝለው ወጥ ሲሠሩ ያደረጉት ይኸው ነው። ሳልሸሽግ ልናገር፤ ኮሊክ በያዛቸው ልጆች ላይ ሲሞከር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ቢሆንም አቅፎ የተበላሸ ልጅ አልተገኘም።

እኔን የጠቀመኝን ልንገራችሁ፤ የአንዱ ልጅ ለሌላው ላይሆን ይችላል። ካጠባሁ በኋላ ቀጥ አድርጌ ትከሻዬ ላይ ይዤ አስገሳታለሁ። ሲመሽ መብራት እቀንሳለሁ፤ ቲቪ ይጠፋል፤ እንግዳ ይሸኛል። ሞቅ ባለ ውሃ አጥባታለሁ። አዝዬ ግቢ ውስጥ እመላለሳለሁ፤ ስትታዘል አፍንጫዋ እንዳይሸፈን እያየሁ። ከሁሉ የበለጠው ግን ዝናብ ነበር። ክረምት ነው የወለድኳት። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ለቅሶዋ ቀስ እያለ ይወርድና ዓይኗ ይከደናል። ዝናብ በሌለበት ማታ ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብቶ ባሊ ውስጥ ውሃ ይለቅላት ነበር። ያልተቋረጠ ሹሹታ ሆድ ውስጥ የሰሙትን ያስታውሳቸዋል ይባላል። የሠራልን ማታም ነበር፤ ያልሠራልንም።

ስለ ልጁ ይህን ያህል የጻፉት ጸሐፊዋ ስለ እናቲቱ አንድ መስመር አልጻፉም። ትልቁ ቅሬታዬ እሱ ነው።

ልጄ ሰባተኛ ሳምንቷ ላይ አንድ ማታ ብቻዬን ነበርኩ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምራ ታለቅሳለች። አጠባኋት፣ ዳይፐር ቀየርኩላት፣ አዘልኳት፣ እሹሩሩ አልኳት። ሦስት ሰዓት ላይ ከብብቷ ሥር ይዤ ፊቴ ድረስ አነሳኋት። «ምን ላድርግሽ!» ብዬ ጮኽኩባት። እጄ ጠበቀ። የጎድን አጥንቷ ጣቶቼ ሥር ተሰማኝ። ያኔ ደነገጥኩ። አልጋዋ ላይ በጀርባዋ አስተኛኋትና በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ግቢያችን ካለው ቧንቧ ፊቴን ታጠብኩ። ጎረቤታችን እማማ ድምፅ ሰምተው ወጡ። ምንም አልጠየቁኝም። «ነይ እስቲ፣ እኔ ልያዛት። አንቺ እህል ቅመሺ» አሉኝ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም ነበር።

ይህን በአደባባይ መጻፍ ቀላል አይደለም። የምጽፈው ብዙ እናትና አባት እዚያ ቦታ ቆመው ስለሚያውቁ ነው። የጨቅላ ጭንቅላት ከባድ፣ አንገቱ ደካማ ነው። ሲነቀነቅ አንጎሉ ከራስ ቅሉ ጋር ይላተማል፣ ደም ሥሮቹ ይበጠሳሉ። ለዕድሜ ልክ ጉዳት፣ ለዓይነ ስውርነት፣ ለሞት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ተነቅንቀው የሚጎዱ ሕፃናት የሚበዙት ለቅሶው በሚበረታበት ዕድሜ ገደማ እንደሆነ ተመራማሪዎች አይተዋል። ልጅ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ አሥር ደቂቃ ቢያለቅስ አይጎዳም። ስለዚህ እጅሽ ሲጠብቅ አስቀምጪውና ውጪ። አባትም እንደዚሁ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ በየሰዓቱ ተቀያየሩ። ለጥየቃ የምትመጡ ደግሞ ዳቦና ለስላሳ ከምታመጡ አንድ ሰዓት ልጁን ያዙላት፤ ትተኛ።

ለቅሶው አልፎም እናቲቱ ራሷ ብታለቅስ፣ ልጁን ማየት ብትጠላ፣ ልጁ ተኝቶ እሷ እንቅልፍ ቢነሳት፣ ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ቢመጣባት፣ ይህ የድኅረ ወሊድ ድብርት ሊሆን ይችላል። የሚታከም ሕመም ነው። «አራስ ናት፣ ይለቃታል» ተብሎ አይታለፍም። የመጉዳቱ ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ነው የሚኬደው፤ እስከዚያው ብቻዋን አትተው።

አሁን ወደ አምስተኛው። «ቁርጠትን ሐኪም አያውቀውም» ይላል ጽሑፉ። ለኮሊክ የሚሰጥ ፍቱን መድኃኒት እንደሌለ እውነት ነው። ሐኪም ጋ የሚኬደው ግን ልጁን የሚያስለቅሰው ሌላ ነገር እንዳልሆነ ለማወቅ ነው።

ሁለተኛው ልጄ ለቅሶ አያበዛም ነበር። ሦስት ወር ሊሞላው ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ድንገት ጮኸ። አልቆም አለ። አክስቴ «ቁርጠት ነው፣ እህቱም እንዲህ ነበረች» አለች። እኔም ልስማማ ነበር። ድምፁ ግን የማላውቀው ሆነብኝ። ልብሱን በሙሉ አወለቅኩት። ካልሲውን ሳወልቅ የቀኝ እግሩ ሦስተኛ ጣት አብጣ ቀልታለች። ሥሯ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር አለ። ፀጉር ነው። የእኔ ፀጉር። ከወለድኩ ወዲህ ይረግፍ ነበር፤ አንዱ ካልሲው ውስጥ ገብቶ ጣቱ ላይ ተጠምጥሟል። ጤና ጣቢያ ሮጥን። ነርሷ በወረንጦ ቀስ ብላ ፈታችው። አብሽ ሰጥቼው እስከ ማታ ብጠብቅ ኖሮ ጣቱ ደም አጥታ ልትሞት ትችል ነበር።

ስለዚህ ድንገት ለጀመረ ወይም ድምፁ ለተለየ ለቅሶ ልጁን ራቁቱን አድርጋችሁ እዩ። ጣቶቹን፣ ብልቱን፣ ብሽሽቱን። ብሽሽቱ ላይ ጠንካራና የማይመለስ እብጠት ካለ ተጣብቆ የቀረ ሄርኒያ (ከቦታው ወጥቶ ብሽሽት ውስጥ የገባ አንጀት) ሊሆን ይችላል፤ አያድርም።

ትኩሳት ከሦስት ወር በታች ላለ ልጅ 38 ዲግሪ ከደረሰ በዚያው ሰዓት ተነሱ። ከሁለት ወር በታች ላለ ጨቅላ በጤና ጣቢያ መመሪያ 37.5ም የአደጋ ምልክት ነው። ሰውነቱ ከልክ በላይ መቀዝቀዙም እንዲሁ። ጡት እምቢ ካለ ወይም ለመጥባት ከደከመ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሲነኩት ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ አትጠብቁ። ቅርሻት የሁሉም ልጅ ነው፤ አረንጓዴ ትውከት ግን አንጀት መዘጋቱን ሊያመለክት ይችላል። ደም የቀላቀለ ሰገራና የተወጠረ ሆድም እንዲሁ። ወድቆ ወይም ተነቅንቆ ከሆነም ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የሚረዳችሁ እውነቱን ካወቀ ነው።

የማይጣደፍ ግን የማይተውም አለ። በቀን የሚረጠቡ ዳይፐሮች ከስድስት ካነሱ፣ ኪሎው ካልጨመረ፣ ለቅሶው ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ከጀመረ ወይም አራት ወር አልፎትም ካልቀነሰ ቀጠሮ ያዙ። ከዚህ ሁሉ አንዱም ባይኖር «ልጄ ልክ አይደለም» ብሎ ልብሽ ከነገረሽ ሂጂ። እኔን አንድ የጤና ባለሙያ «ለለቅሶ ብለሽ ነው የመጣሽው?» ብላ አሳፍራኝ ታውቃለች። ሌላዋ ጋ ሄድኩ። ሌላዋ መዝና፣ ከላይ እስከ ታች አይታ «ጤነኛ ናት» አለችኝ። ያን ማታ ለቅሶው ያው ነበር፤ እኔ ግን መፍራቴን አቁሜ ነበር።

ለጓደኛዬ ጠዋት ደወልኩላት። አብሹን ተይው አልኳት። ትኩሳት አለው ወይ? የለውም። ይጠባል? እንዴታ። ትናንት ስንት ዳይፐር ቀየርሽ? ሰባት። ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ? ዝም አለች። ማነው አብሮሽ ያለው? «ማንም» አለችኝ፤ እናቷ ክፍለ ሀገር ናቸው፣ ባለቤቷ የሚመጣው ማታ ሦስት ሰዓት ነው። እንግዲህ እስከሚያልፍ ድረስ፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ልጁ እኔ ትከሻ ላይ ነው። እሷ ጓዳ ገብታ ትተኛለች።